ፍርደኛው፣ ሥራውና አመክሮው

(በአዳማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር)



የዛሬው ጥያቄ በየቡና ቤቱና በየለቅሶ ድንኳኑ ስትከራከሩበት የኖራችሁት ነው። ሰው ደብድቦ ወይም ንብረት ዘርፎ የተፈረደበት ሰው በእስር ዘመኑ እንዲሠራ ይገደድ ወይስ አይገደድ? አንዱ «ጎረምሳው ሁሉ በመንግሥት ቀለብ ተቀምጦ ይበላል፤ ድንጋይ ቢፈልጥ ምን ይለዋል!» ይላል። ሌላው «ነጻነቱን ወስደናል፤ ጉልበቱንም ከወሰድን ምን ቀረው?» ብሎ ይመልሳል። እኔ ወዴት እንዳዘነበልሁ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ፍርደኛ ቢሠራ እወዳለሁ፤ በሕግ ይገደድ የሚለውን ግን አልደግፍም። ሆደ ቡቡ ስለሆንሁ እንዳይመስላችሁ። በማረሚያ ቤቶቻችን ሥራ ፈላጊው ከሥራው በልጦ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ግዴታ መጻፍ ካለበት፣ ሥራ እንዲያቀርብ በመንግሥት ላይ ይጻፍ እላለሁ።

ከቀለቡ እንጀምር። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ባወጣቸው ዓመታዊ የሰብዓዊ መብት ሪፖርቶች ላይ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ለአንድ እስረኛ ምግብ፣ ውኃና ሕክምና በቀን 9 ብር ያህል እንደሚመድብ ተጽፏል፤ መጠኑ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይም ተጠቅሷል። በዓመት ሲደመር 3,285 ብር ነው። በዚያን ጊዜም ቢሆን በ9 ብር በልቶ፣ ታጥቦና ታክሞ ማደር እንደማይቻል ለአዳማ ገበያተኛ ማስረዳት አያሻኝም። የጎደለውን የሚሞላው ቤተሰብ ነው። ለምሳሌ ዝዋይ ማረሚያ ቤት ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የፌዴራል በመሆኑም ፍርደኛው ከሩቅ ይላክበታል። ስንቅ ቋጥራ፣ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ በር ላይ ተፈትሻ የምትገባው እናት ወይም ሚስት የትራንስፖርቱንም የምግቡንም ከኪሷ ትከፍላለች። እንግዲህ «ተቀምጦ ይበላል» የሚለው ክስ ግማሹ እውነት ነው፤ ተቀምጧል። የሚበላው ግን በአብዛኛው የእናቱን ነው። ያልተፈረደባት እሷ ናት የምትቀጣው።

ይህን ያነሳሁት አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን ነው። ፍርደኛ ሥራ ማግኘቱ ለእሱ የሚደረግ ውለታ ብቻ አይደለም፤ ውጭ ያለችውን ሴትዮ ሸክም ያቀላል። እዚህ ላይ «ይሥራ!» ከሚለው ወገን ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ።

ሕጉስ? ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ባረቀቀው በ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም፣ እሱን በተካው በ1996ቱ የወንጀል ሕግም የታሰረ ፍርደኛ እንዲሠራ ይጠበቃል። ቀላል እሥራትም ይሁን ጽኑ እሥራት የተፈረደበት ሰው የመሥራት ግዴታ አለበት፤ ሥራውም ከችሎታው ጋር የሚስማማና ለመታረሙ የሚረዳ እንዲሆን ታስቧል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 18 ባርነትንና የግዴታ ሥራን ይከለክልና ወዲያው በዚያው አንቀጽ የማይነካቸውን ይዘረዝራል። ከነዚያ አንዱ በሕግ መሠረት የታሰረ ሰው በእስር ሳለ ወይም በገደብ ተለቅቆ ሳለ እንዲሠራ የሚታዘዘው መደበኛ ሥራ ነው። ስለዚህ ነገ ጠዋት የማረሚያ ቤት ኃላፊ ፍርደኛውን «ተነሥ፣ አትክልቱን አጠጣ» ቢለው ሕገ መንግሥት አልጣሰም። ይህን የምለው «በሕግ የተከለከለ ነው» እያሉ ክርክሩን በአጭሩ ለመቅጨት የሚሞክሩ ወዳጆች ስላሉኝ ነው። አልተከለከለም።

እስረኛን ከነጻነት ድንጋጌ መነጠልም የእኛ ፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አሥራ ሦስተኛ ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነትን ሲሽር «በወንጀል ለተፈረደበት ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ትቶ ነበር። በቀዳዳው ምን እንደገባ ታሪክ ይናገራል። የደቡብ ግዛቶች እስረኛን ለማዕድን ቆፋሪ፣ ለባቡር ሐዲድ ዘርጊ፣ ለጥጥ እርሻ ባለቤት ማከራየት ጀመሩ። አብዛኛው የሚከራየው ሰው ትናንት ከባርነት የወጣ ጥቁር ነበር፤ ሥራ ፈትነት ራሱ ወንጀል ተደርጎ እየተያዘ ይፈረድበት ነበር። አላባማ ይህን ኪራይ ያቆመችው በ1928 ነው፣ ከሁሉም በኋላ። በ2022 የአላባማ፣ የኦሪገን፣ የቴነሲና የቨርሞንት መራጮች ያንን ቀዳዳ ከየግዛታቸው ሕገ መንግሥት ለማውጣት ድምፅ ሰጡ። ሆኖም በ2024 የካሊፎርኒያ ሕዝብ ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦለት አልተቀበለውም። ለዘብተኛ በምትባለዋ ካሊፎርኒያ! ጉዳዩ እዚያም ገና አላለቀም ማለት ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ ተደርጓል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1955 ባወጣው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የተፈረደበት ሁሉ ጤናው እስከፈቀደ ድረስ እንዲሠራ ይገደድ ነበር። ደንቡ ከ60 ዓመት በኋላ በ2015 ተሻሽሎ በ27 ዓመት እስረኛው በኔልሰን ማንዴላ ስም ሲጠራ ያ ግዴታ ወጣ። በምትኩ ፍርደኛ የመሥራት ዕድል እንዲሰጠው ይላል። ማንዴላ ራሱ በሮቢን ደሴት የኖራ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ነጸብራቁ ዓይኑን ጎድቶታል። ያ ሥራ ሰውን ለመስበር የተሰጠ ነበር። የዛሬው ደንብ ሥራ ማሰቃያ እንዳይሆን፣ እስረኛም ለጠባቂ የግል ጥቅም እንዳይሠራ ይከለክላል። ይህን የመጨረሻውን በተለይ አስታውሱልኝ። የአዛዥን ግቢ የሚያጥር፣ የኃላፊን ቤት ቀለም የሚቀባ እስረኛ ወሬ ሰምቶ የማያውቅ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ ግቢው ውስጥ እንግባ። ማረሚያ ቤት ጠያቂ ሆኖ የሄደ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ አለ፦ ሽመና፣ ልብስ ስፌት፣ ሹራብና ዳንቴል፣ ሰፌድና መሶብ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ ብሎኬት፣ ፀጉር ቤት፣ ሻይ ቤት። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር ተነጋግረው ሥልጠና የሚሰጡም አሉ። ሥራው ደስ የሚል ነው፤ ብዛቱ ግን ትንሽ ነው። አንድ የሽመና ዕቃ አንድ ሰው ይይዛል፣ አንድ የስፌት መኪናም እንዲሁ፤ በአንድ ክፍል የታጎረው ሰው ግን ብዙ ነው። ክሩን ከውጭ የሚያስገባለት ዘመድ ያለው ይሸምናል፤ የሌለው እጁን አጣጥፎ ያያል። ብሎኬት ለማምረት ሲሚንቶ ያስፈልጋል፤ ሲሚንቶ ከገበያ በጠፋባቸው ዓመታት ውጭ ያለው ተቋራጭ እንኳ ቁጭ ብሎ ነበር።

ሥራ እንዲህ ሲያንስ ምን ይሆናል? ሥራው ራሱ ሸቀጥ ይሆናል። የሚያከፋፍለው ሰው፣ ካቦውም ሆነ ኃላፊው፣ ሥልጣን ያገኛል። ለሱ የቀረበ ሻይ ቤቱን ይይዛል፤ የሱ አገር ልጅ ያልሆነ ወይም ያላጎበደደ መጸዳጃውን ያጥባል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ «ፍርደኛ ይሥራ» የሚል ግዴታ ስትጨምሩ ሥራ አትጨምሩም። የምትጨምሩት የአከፋፋዩን ዱላ ነው። ክርክሬ በሙሉ እዚህ ላይ የቆመ ስለሆነ ማፍረስ የሚፈልግ ከዚህ ይጀምር።

ይህ በአመክሮ ላይ ጎልቶ ይታያል። እንደምታውቁት ፍርደኛ ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ከፈጸመ፣ የዕድሜ ልክ እስረኛም 20 ዓመት ከታሰረ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ሕጉ ግን ዘመኑን መቁጠር ብቻ አይበቃም ይላል። ፍርደኛው በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት፣ ያደረሰውንም ጉዳት በተቻለው መጠን መካስ አለበት። በሥራው! እንግዲህ አስቡት። ዘጠኝ ዓመት የተፈረደበት ሰው በስድስተኛው ዓመት ይወጣል፣ ወይም ዘጠኙን ይጨርሳል። ልዩነቱ ሦስት ዓመት ነው፤ የልጅ ሦስት ክፍል ማለት ነው። ይህ ልዩነት ከፊሉ ሥራ ላይ ከተንጠለጠለና ሥራው ለሁሉም ካልተዳረሰ፣ ሸማኔ የሆነው ይወጣል፤ ሥራ ጠይቆ ያጣው ይቀራል። ይህን ፍትሕ ብሎ መጥራት ይከብደኛል።

ብራዚል ነገሩን በቁጥር አስቀምጣዋለች። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የቅጣት አፈጻጸም ሕጋቸው ሦስት ቀን የሠራ ፍርደኛ አንድ ቀን ይቀነስለታል። በኋላ ትምህርትም ተጨመረ፤ 12 ሰዓት የተማረ አንድ ቀን ያተርፋል። መጽሐፍ አንብቦ ስለ መጽሐፉ የጻፈም እንዲሁ ቀን ይቀነስለታል። እዚያም ቢሆን የተጨናነቀ እስር ቤትና የሥራ እጥረት አለ፤ ገነት እንዳይመስላችሁ። ግን ሒሳቡ ለፍርደኛውም ለዳኛውም የታወቀ ነው። የእኛ አመክሮ «መሻሻሉ ታይቷል» በሚል የኃላፊ አስተያየት ላይ ይመሠረታል፤ የሠራህበት ቀን ስንት፣ የተማርህበት ስንት ተብሎ መዝገብ ቢከፈት አንዱ ችግር ይቃለላል። ትምህርትም እንደ ሥራ ቢቆጠር የመሣሪያው እጥረት ያን ያህል አይጎዳም። ጠመኔና ደብተር ከስፌት መኪና ይረክሳል።

ስለ ቀጠሮ እስረኛ ብዙ አልናገርም፤ ነገሩ ግልጽ ነው። ያልተፈረደበት ሰው አይገደድም። ልሥራ ካለ ይፈቀድለት፣ ይከፈለው። 

ከዚህ ይልቅ ላቆያችሁ የምፈልገው ፍርደኛውን ማን ያሠራዋል በሚለው ላይ ነው። የምንኖረው ጉልበት በሚፈለግበት አካባቢ ነው። ሆላንዳውያን በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመሩበት ከወንጂ አንሥቶ እስከ መተሐራ አገዳ ቆራጭ ይፈለጋል። በባቱ የአበባ እርሻዎችና የወይን ተክል፣ በመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በሞጆ የቆዳ ፋብሪካዎችና ደረቅ ወደብ፣ እዚሁ ከተማ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። አንድ ባለሀብት ወደ ማረሚያ ቤት መጥቶ «200 ሰው ስጡኝ፣ ላሠልጥናቸው፣ ለግቢውም ክሊኒክ ልሥራ» ቢል አስተዳዳሪው መፈተኑ አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም ያጨበጭብለታል።

ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 29 ግን እዚህ ላይ ያግዳል። የእስረኛን ሥራ ከግዴታ ሥራ ነጥሎ የሚፈቅደው በሁለት ነገር ነው። በመንግሥት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር ሊሆን ይገባል፤ እስረኛውም ለግለሰብ ወይም ለኩባንያ ሊከራይ ወይም ሊሰጥ አይችልም። ፍርደኛው በራሱ ፈቃድ ከውጭ ሠራተኛ ጋር በሚቀራረብ ደመወዝና ሁኔታ የሚሠራ ከሆነ ግን የድርጅቱ ባለሙያዎች አይቃወሙትም። ይህ የፍርደኛው ጥበቃ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትተኙ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቆሞ አሠሪ የሚጠብቀውን የቀን ሠራተኛም ይጠብቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ለግሉ ዘርፍ ወለል ሳይቀመጥ ግን ዓመታት አልፈዋል። ወለል በሌለበት ገበያ ውስጥ ማደሪያው በመንግሥት የተቻለ፣ መቅረት የማይችል፣ ማኅበር የማያቋቁም ሠራተኛ ስታስገቡ የማን ዋጋ እንደሚወርድ አስሉት። በእርሻው ላይ ጽጌረዳ የምትለቅም የባቱ ልጅ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብትል «እስረኛ እናመጣለን» ትባላለች።

ሌላም ስምምነት አለ። ቁጥር 105ን ኢትዮጵያ በ1991 ዓ.ም. አጽድቃለች። ይህኛው ሰው በፖለቲካ አመለካከቱ ወይም አድማ በመምታቱ ምክንያት ተፈርዶበት በግዴታ እንዳይሠራ ይከለክላል። ዝዋይ ማረሚያ ቤት ደግሞ ይህን ጥያቄ በቅርብ ያውቀዋል። የፍትሕ ጋዜጣ አዘጋጁ ተመስገን ደሳለኝ በጻፋቸው ጽሑፎች በ2007 ዓ.ም. ሦስት ዓመት ተፈርዶበት ዘመኑን የፈጸመው እዚያ ነው። የወንጀል ሕጉ የመሥራት ግዴታ ሲጽፍ ጋዜጠኛውን ከዘራፊው አይለይም። የዓለም የሥራ ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴም ይህን ጉዳይ ለኢትዮጵያ ሲያነሣ ቆይቷል። ግዴታው ከሕጉ ቢወጣ ስምምነቱን ስለ መጣስ የሚነሣ ጭቅጭቅ በአንድ ጊዜ ይቆማል፤ ጋዜጠኛ ማሰር ያስከተለው ሌላው ጣጣ ግን አይቆምም።

እንግዲህ የሥራው ፍሬ የማን ነው? የማንዴላ ደንብ የተመጣጠነ ክፍያ ይላል፤ ፍርደኛው ከሱ ጥቂቱን ለራሱ እንዲያወጣ፣ ጥቂቱን ለቤተሰቡ እንዲልክ፣ የቀረው ሲፈታ እንዲሰጠው ተቀማጭ እንዲሆን። በጀርመን ፍርደኞች በሰዓት ከ1.37 እስከ 2.30 ዩሮ ብቻ እየተከፈላቸው ይሠሩ ነበር። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 (እ.ኤ.አ.) የባየርንንና የኖርድራይን ቬስትፋለንን የክፍያ ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይሄድም አለ። ሥራ ያርማል ካላችሁ፣ ሥራ እንደሚጠቅም ፍርደኛው በኪሱ ማየት አለበት ማለቱ ነበር። ያ ሀብታም አገር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጠኑን እዚህ አምጡት አላልሁም፤ የክርክሩ ሐሳብ ግን ድሃም አገር ውስጥ አይሞትም።

በእኛ አካባቢ ከጀርመን ዳኞች ይልቅ የሚያስረዳ ነገር አለ፤ ጉማ፣ የደም ካሣው። በአርሲም በምሥራቅ ሸዋም ሰው ከተገደለ፣ ፍርድ ቤት 15 ዓመት ፈረደ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌና አባ ገዳ ተቀምጠው፣ እናቶች የሲንቄ በትር ይዘው ገብተው፣ የሟች ወገን ካሣውን ተቀብሎ እርቅ እስካልወረደ ድረስ የገዳይ ወንድም ገበያ አይወጣም። ጉማውን የሚያዋጣው ደግሞ ጎሳው ነው። ገዳዩ ታስሯል፤ ከሱ ኪስ የሚወጣ የለም። ያልገደለው አጎት በሬውን ይሸጣል። የሟች ሚስትም ከፍርድ ቤቱ የምታገኘው ወረቀት ነው።

ፍርደኛው በማረሚያ ቤት ሠርቶ የተከፈለው ገንዘብ ከፊሉ ወደዚያች ሚስትና ወደ ልጆቿ ቢሄድስ? ሕጉ ለአመክሮ የሚጠይቀው «በተቻለው መጠን መካስ» ያን ጊዜ ትርጉም ያገኛል። ዛሬ ገቢ የሌለው ሰው «በተቻለው መጠን» ሲባል ዜሮ ነው የሚቻለው። ገንዘቡ የሟችን ደም አይመልስም፤ ጉማም መልሶት አያውቅም። ነገር ግን ከእጁ ወዝ በየወሩ የሚቆረጥ ብር እርቅ ለሚያወርዱት ሽማግሎች የሚናገሩት ነገር ይሰጣቸዋል። ለሚፈታውም ወደ ቀዬው የሚመለስበት መንገድ ነው። ጉማ ሳይከፈል የወጣ ሰው ወደ ሌላ ከተማ ይሰደዳል፤ አለዚያ በሩ ላይ ይጠበቃል። ለዚህ የሚሆነው ግን ክፍያ ያለው ሥራ ብቻ ነው። ያለ ክፍያ ተገድዶ ድንጋይ የፈለጠ ሰው ለሟች ልጆች የሚልከው የለውም፤ «ድንጋይ ይፍለጥ» የሚለው ወገን ቁጣ ሲረካ የተበዳይ ቤት ባዶውን ይቀራል።

በነገራችን ላይ የወንጀል ሕጋችን ከግንብ ውጭ የሚፈጸም የግዴታ ሥራም ያውቃል። ለቀላል ጥፋት እስር በመወሰን ፋንታ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛው በሥራ ቦታው እንዳለ፣ ከደመወዙ እስከ አንድ ሦስተኛ ለመንግሥት እየተቆረጠ እስከ ስድስት ወር እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። ባጃጅ ነጂው ተጣልቶ ጥርስ ሰበረ እንበል። አራት ወር አስገብታችሁ ስንቅ ከምታስቋጥሩ ባጃጁን እየነዳ ሲሶውን ቢከፍል አይሻልም ትላላችሁ? እኔ ብሆን ሲሶውን ጥርሱ ለተሰበረው አደርገው ነበር፤ ይህ ግን የሕግ አውጪ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ሳወራ ሁልጊዜ የሚቀርብልኝን ጥያቄ ሳትጠይቁኝ ልመልስና ልቀመጥ። «እሺ፣ አልሠራም ያለውስ? ጤነኛ ጎረምሳ፣ ሥራም ተዘጋጅቶለት፣ ክፍያም ኖሮት፣ እንቢ ካለ ምን ታደርገዋለህ?» ክፍሉን ያጸዳል፣ የበላበትን ያጥባል፤ ያ አብሮ የመኖር ግዴታ ስለሆነ አልደራደርበትም። ክፍያው ይቀርበታል። የሥራ ቀን ስላላስመዘገበ ከአመክሮው ሒሳብ ያ ድርሻ አይያዝለትም፤ በትምህርት ሊተካው ይችላል፣ ካልፈለገም ዘመኑን ይጨርሳል። ምግቡ አይቀነስም፣ ጠያቂ አይከለከልም፣ ጨለማ ክፍል አይገባም። እንቢ ባዩ ከመቶ ስንት እንደሚሆን ለማወቅም መጀመሪያ ለመቶው ሁሉ ሥራ ማቅረብ ያስፈልጋል።

አሁን እናንተ ጠይቁኝ።